ሚዛኑ «ስብህ 24 ፐርሰንት ነው» ሲል ከየት አምጥቶ ነው? መልቲፕል ሪግሬሽን በቀላሉ

አሁን አሁን ጂም ያሉትም ለቤት የሚገዙትም ዲጂታል ሚዛኖች ኪሎ ብቻ ነግረው አይለቁም፣ ስብ ይሄን ያህል ፐርሰንት፣ ጡንቻ ይሄን ያህል፣ ውሃ ይሄን ያህል እያሉ ይዘረዝራሉ። ልብ ብላችሁ ከሆነ ግን መጀመሪያ ቁመት፣ ዕድሜና ፆታ አስገቡ ይላሉ። ስቡን የሚለካ ከሆነ ዕድሜዬ ምን ያደርግለታል? ቴርሞሜትር ትኩሳት ሊለካ ሲል ዕድሜ አይጠይቅም እኮ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ሚዛኑ ስብ አይለካም፣ ይገምታል። በእግራችሁ በኩል በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ይሰድና ሰውነታችሁ ምን ያህል እንደሚከለክለው ያያል (ውሃና ጡንቻ ኤሌክትሪክ በደንብ ያሳልፋሉ፣ ስብ እምብዛም ነው)፣ ከዛ ያንን ከኪሎ፣ ከቁመት፣ ከዕድሜና ከፆታ ጋር አንድ ፎርሙላ ውስጥ ይከተዋል፣ ስክሪኑ ላይ የምታዩት ፎርሙላው ያወጣውን ነው። እንዲህ አይነት ፎርሙላ የሚወጣበት ዋናው ዘዴ መልቲፕል ሪግሬሽን ይባላል። ስታቲስቲክስ ኮርስ የወሰደ ሁሉ ስሙን ያውቀዋል፣ ውጤቱን ማንበብ ላይ ግን ብዙ ሰው ይስታል፣ የተማረውም ጭምር።

ለምን መገመት አስፈለገ ካላችሁ፣ በትክክል መለካቱ ከባድ ስለሆነ ነው። ለብዙ አስርት ዓመታት እንደ ዋና መለኪያ ሲያገለግል የኖረው ሰውየውን ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አጥልቆ መመዘን ነው። የቻለውን ያህል አየር ከሳንባው አስወጥቶ ይጠልቃል፣ እዛው ውሃ ውስጥ እያለ ይመዘናል፣ ውጪ ከተመዘነው ጋር ተነጻጽሮ የሰውነቱ ዴንሲቲ (አንድ ሊትሩ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን) ይወጣል። ስብ ከውሃ ይቀላል (አንድ ሊትሩ 0.9 ኪሎ አካባቢ)፣ ሌላው የሰውነት ክፍል ደግሞ ይከብዳል (1.1 አካባቢ)፣ ስለዚህ ዴንሲቲው ከታወቀ ስቡ ይሰላል፣ የሲሪ ፎርሙላ የሚባለው 495ን ለዴንሲቲው አካፍሎ 450 ይቀንስለታል። ዴንሲቲው 1.05 ከሆነ ስቡ 21.4 ፐርሰንት ማለት ነው። ጥሩ ነው፣ ግን የትኛው ክሊኒክ ነው ገንዳ አዘጋጅቶ በሽተኛ የሚያጠልቀው? ስለዚህ የሚደረገው ምንድነው፣ የተወሰኑ ሰዎችን ገንዳ ውስጥ ያጠልቃሉ፣ እነዛኑ ሰዎች በልብስ ሰፊ ሜትርና በተራ ሚዛን ይለካሉ፣ ከዛ ቀላሉ ልኬት ከባዱን እንዴት እንደሚተነብይ ከዳታው ይማራሉ። ከነሱ በኋላ ለሚመጣው ሰው ሜትሩ ብቻ ይበቃል ነው ሃሳቡ።

በጣም ከታወቁት አንዱ በ1991 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው) ኔዘርላንድ ውስጥ ዶይረንበርግና ባልደረቦቹ ከ1,200 በላይ ሰው ለክተው ያወጡት ነው። ለአዋቂዎች እንዲህ ይላል፦

የስብ ፐርሰንት = 1.20 × ቢኤምአይ + 0.23 × ዕድሜ − 10.8 × ፆታ − 5.4

ቢኤምአይ ያው የምታውቁት ነው፣ ኪሎን በሜትር ለተለካው ቁመት ሁለቴ ማካፈል። ፆታ እንዴት ይባዛል የሚል ካለ፣ ወንድ ከሆነ 1 ሴት ከሆነ 0 ብላችሁ ታስገባላችሁ፣ በቃ። ሴት ከሆነች 10.8 በዜሮ ተባዝቶ ይጠፋል፣ ወንድ ከሆነ ይቀነስበታል። 35 ዓመቱ የሆነ፣ ቢኤምአዩ 24 የሆነ ወንድ 20.7 ይወጣለታል፣ በተመሳሳይ ዕድሜና ቢኤምአይ ያለች ሴት ደግሞ 31.5። እነዚህ 1.20፣ 0.23፣ 10.8 የሚባሉት ቁጥሮች ኮፊሸንት ይባላሉ፣ መጨረሻ ላይ ብቻውን የቆመው 5.4 ኢንተርሴፕት ይባላል። ኢንተርሴፕቱን ብቻውን ለመተርጎም አትድከሙ፣ ቢኤምአይ ዜሮ ዕድሜ ዜሮ የሆነች ሴት ስቧ ከዜሮ በታች 5.4 ነው ማለት ትርጉም የለውም፣ መስመሩን ወደ ትክክለኛው ከፍታ ለማምጣት ብቻ ነው እዛ የተቀመጠው።

ቁጥሮቹን ማንም ቁጭ ብሎ አላሰባቸውም። ኮምፒዩተሩ የሚሰራው እንዲህ ነው፣ የሆኑ ኮፊሸንቶች ብትሰጡት ለእያንዳንዱ ሰው ግምት ያወጣል፣ ግምቱ ገንዳው ከሰጠው እውነተኛ ቁጥር የተለየበትን ልዩነት ይወስዳል፣ ልዩነቱን በራሱ ያባዛዋል (ፕላስና ማይነሱ እንዳይጣፋ)፣ ሁሉንም ይደምራል። ይሄ ድምር በጣም ትንሽ የሚሆንበትን የኮፊሸንቶች ስብስብ ነው የሚመርጠው። ዘዴው አዲስ አይደለም፣ ፈረንሳዊው ሌዣንድር በ1805 ነው ያሳተመው፣ ያኔ ለኮሜት ምህዋር ነበር የሚፈልጉት። ዛሬ ኤክሴልም ይሰራዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው።

ስታቲስቲክስ በሚማሩ ሰዎች ዘንድ በጣም የታወቀ አንድ ዳታ አለ፣ አሜሪካ ዩታ ውስጥ ካለው ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ የመጣ፣ 252 ወንዶች፣ ዕድሜያቸው ከ22 እስከ 81። ሁሉም ውሃ ውስጥ ተመዝነዋል፣ በተጨማሪ ዕድሜ፣ ኪሎ፣ ቁመትና አስር ቦታ በሜትር የተለካ ዙሪያ አላቸው፦ አንገት፣ ደረት፣ ሆድ፣ ዳሌ፣ ጭን፣ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት፣ ክንድ፣ ከክርን በታች፣ የእጅ አንጓ። ነጻ ስለሆነ ማንም አውርዶ ሊሞክረው ይችላል።

ኮምፒዩተሩን ስቡን በኪሎ ብቻ ተንብይ ብትሉት ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ኪሎ ስቡ 0.38 ነጥብ ይጨምራል ይላችኋል። የሚጠበቅ ነው፣ የከበደ ሰው ስብ ይበዛበታል። አሁን ሁለተኛ ቫሪያብል (ፎርሙላው ውስጥ የሚገባ ልኬት ማለት ነው) ጨምሩበት፣ የሆድ ዙሪያ በሴንቲሜትር። ምን ይመጣል መሰላችሁ፦

የስብ ፐርሰንት = −46 + 0.99 × የሆድ ዙሪያ − 0.33 × ኪሎ

የኪሎው ምልክት ተገለበጠ! ፕላስ የነበረው ማይነስ ሆነ። ይሄን የሚያይ ተማሪ መጀመሪያ የሚለው «ዳታ ሳስገባ ተሳስቻለሁ» ነው። አልተሳሳተም። ጥያቄው ነው የተቀየረው። መጀመሪያ የተጠየቀው «ከበድ ያሉ ሰዎች ቀለል ካሉት ሲነጻጸሩ ስባቸው እንዴት ነው?» የሚል ነበር፣ ሁለተኛው ግን «ቦርጫቸው እኩል የሆኑ ሰዎች መሃል የሚከብደውስ?» ነው የሚለው። ሆዳቸው 95 ሴንቲሜትር የሆነ ሁለት ሰዎች አስቡ፣ አንዱ 80 ኪሎ አንዱ 90። ቦርጫቸው አንድ ከሆነ ያቺ 10 ኪሎ ልዩነት ከየት መጣች? ወይ ረዥም ነው፣ ወይ ትከሻው ሰፊ ነው፣ ወይ ጡንቻ ነው፣ ወይ አጥንቱ ወፍራም ነው፣ ብቻ በአብዛኛው ስብ ያልሆነ ነገር ነው። ለዛ ነው 80 ኪሎ ለሆነው 22 ፐርሰንት ገደማ፣ 90 ለሆነው 18 ገደማ የሚወጣው። መልቲፕል ሪግሬሽን ማለት ይቺ ነች፣ እያንዳንዱ ኮፊሸንት የሚነበበው «ፎርሙላው ውስጥ ያሉት ሌሎቹ እኩል ሆነው ሳለ» ተብሎ ነው፣ ሌሎቹ ሲቀየሩ እሱም ይቀየራል፣ እና ማንም ሰው ኮፊሸንት ብቻውን ይዞ መጥቶ «ጥናቱ ኪሎ ስብ ይቀንሳል ይላል» ካላችሁ ከምኑ ጋር አብሮ ነው የገባው ብላችሁ ጠይቁት።

ሁለቱን ፎርሙላ በአንድ ላይ እንያቸው። ሁለት የ28 ዓመት ወንዶች፣ ሁለቱም 1.78 ሜትር፣ ሁለቱም 95 ኪሎ። አንዱ ብረት የሚያነሳ፣ ሆዱ 90 ሴንቲሜትር፣ ሌላኛው ወንበር ላይ የሚውል፣ ሆዱ 106። የቢኤምአዩ ፎርሙላ ለሁለቱም 26 ፐርሰንት ይሰጣቸዋል፣ ልዩነታቸውን የሚያይበት ዓይን የለውም። ሆድ ያለበት ፎርሙላ ለመጀመሪያው 12፣ ለሁለተኛው 28 ይላል። የሚገርመው የትኛውም ፎርሙላ «ውሸት» አይደለም፣ እያንዳንዱ በተሰጠው መረጃ ልክ የሚቻለውን አማካይ ግምት ነው የሚሰጠው። ቢኤምአይ ብቻ የተነገረው ፎርሙላ ቢኤምአያቸው 30 የሆኑ ወንዶች አማካይ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ብረት አንሺው ደግሞ ከአማካዩ ርቆ ነው ያለው።

ታዲያ ቫሪያብል መጨመር ይሄን ያህል ከረዳ 13ቱንም ለምን አንከትም? ክተቱት። ሆድ ብቻውን በሰዎቹ መሃል ካለው የስብ ልዩነት 66 ፐርሰንቱን ያስረዳል (አር ስኩዌር የሚባለው እሱ ነው)፣ ኪሎ ሲጨመር 72 ይደርሳል፣ የቀሩትን አስራ አንድ ልኬቶች ስትጨምሩ 75። አስራ አንድ ተጨማሪ ቦታ በሜትር ለክታችሁ ያገኛችሁት 3 ነጥብ ነው። አር ስኩዌር ደግሞ አንድ ክፉ ጸባይ አለው፣ ምንም ብትጨምሩበት አይቀንስም፣ የሰዎቹን የስልክ ቁጥር የመጨረሻ ዲጂት ብትከቱ እንኳ ትንሽ ከፍ ይላል ወይ ባለበት ይቆማል። ስለዚህ «አር ስኩዌሬ 90 ገባ» የሚል ሰው ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ስንት ሰው ላይ፣ ስንት ቫሪያብል ጨምረህ ነው፣ ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ፎርሙላው አይቶት የማያውቅ ሰው ላይ ሞክረኸዋል ወይ ነው። ሁለተኛው ይበልጣል። ከዳታው የተወሰነውን ሰው መጀመሪያ ለብቻ አስቀምጡ፣ በቀሪው ፎርሙላውን ስሩ፣ ከዛ በተቀመጠው ፈትኑት። ይሄን ያላደረገ ሰው ያጠናውን ፈተና ነው የተፈተነው።

ሌላም ጣጣ አለ። 13ቱም ሲገቡ የኪሎ ኮፊሸንት ይኮማተርና ፒ ቫልዩው (ውጤቱ እንዲሁ በአጋጣሚ ሊመጣ ይችል እንደሆነ የሚመዘንበት ቁጥር) «ሲግኒፊካንት አይደለም» ይላል። አንዳንዱ ይሄን አይቶ ኪሎ ለስብ ግምት ጥቅም የለውም ብሎ ይጽፋል። አይደለም። ደረት፣ ዳሌ፣ ጭን፣ ሆድ፣ ኪሎ ሁሉም አብረው የሚወፍሩና አብረው የሚቀጥኑ ናቸው፣ ሁሉንም አንድ ላይ ስትከቱ ፎርሙላው ምስጋናውን ለየትኛው እንደሚሰጥ ግራ ይገባዋል፣ ከመቶ ጥቂት ሰው ብትቀይሩ ኮፊሸንቶቹ ይዘላሉ። መልቲኮሊኒያሪቲ የሚሉት ይሄን ነው። ለመገመት ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት ብዙም አይጎዳም፣ ግምቱ ያው ነው የሚሆነው፣ ኮፊሸንቶቹን አንድ በአንድ እያነሱ ለመተርጎም ከሆነ ግን ይጎዳል። በነገራችን ላይ በዛ ትልቁ ፎርሙላ ውስጥ ጸንቶ የሚቆም አንድ ያልተጠበቀ ቫሪያብል አለ፣ የእጅ አንጓ፣ እሱም በማይነስ። ሰዓት የምታስሩበት ቦታ ላይ ስብ ብዙም አይጠራቀምም፣ ስለዚህ አንጓው ወፈር ያለ ሰው አጥንቱ ነው ወፍራም፣ ሌላው እኩል ከሆነ ስቡ አነስ ይላል።

አሁን ሚዛን ሻጮች የማይነግሯችሁን ልንገራችሁ። ሆድና ኪሎ ያለበት ፎርሙላ ስህተቱ በተለምዶ 4.5 ነጥብ አካባቢ ነው። ለዛ 95 ሴንቲሜትር ሆድና 80 ኪሎ ለሆነው ሰውዬ 22 ፐርሰንት አልነው አይደል፣ ትክክለኛው አነጋገር ግን (የስህተቱን እጥፍ ወደ ታችም ወደ ላይም ወስደን) «ከ13 እስከ 31 ባለው ውስጥ ነው፣ ያውም ከ20 ሰው 19ኙ ላይ» የሚል ነው። 13 ማለት ስፖርተኛ ነው፣ 31 ማለት ሐኪም የሚያነጋግር ነው! ይሄ ሰፊ ክልል ፎርሙላው መጥፎ ስለሆነ አይደለም፣ ሆድና ኪሎ አንድ የሆነ ሁለት ሰው በእውነትም በስብ ስለሚለያይ ነው። የነዚህ ሰዎች *አማካይ* ግን ከ1 ነጥብ ባነሰ ስህተት ይታወቃል። ስለ አማካይና ስለ አንድ ሰው ማውራት የተለያየ ነገር ነው፣ ለጤና ሚኒስቴር አይነት ስራ አማካዩ ይበቃል፣ እናንተ ግን አማካይ ሰው አይደላችሁም። ሚዛኑ 23.7 ብሎ ከነጥብ በኋላ ቁጥር ሲጽፍ ሳቅ በሉ።

ዳታው ራሱም ይዋሻል። እዛ 252 ሰው ውስጥ 93 ኪሎ ሆኖ ቁመቱ 75 ሴንቲሜትር የተባለ ሰው አለ፣ በኢንች 29.5 ተብሎ ነው የተጻፈው፣ 69.5 ለማለት ተፈልጎ መሆን አለበት። ዴንሲቲው ከፎርሙላው ጣሪያ አልፎ ስቡ ከዜሮ በታች የወጣበትና «0» ተብሎ የተመዘገበም አለ፣ ስብ የሌለው ሰው ደግሞ በህይወት አይኖርም። ከ160 ኪሎ በላይ የሆነ አንድ ሰውም ከሁሉም ርቆ ብቻውን ቆሟል፣ እንዲህ አይነቱ ሰው ስህተት ሳይሆንም መስመሩን ወደራሱ የመጎተት ጉልበት አለው። ሪግሬሽን ከመሮጡ በፊት ዳታውን ነጥብ በነጥብ ስሎ ማየት የሚባለው ለዚህ ነው፣ አሰልቺ ስራ ነው ግን ሶፍትዌሩ 75 ሴንቲሜትር ቁመት ሲያይ «እንዴ!» አይልም።

መተንበይና ምክንያት መሆንም ይምታታል። የሆዱን ፎርሙላ አይቶ «እንግዲህ ኪሎ ብጨምር ስቤ ይቀንሳል» ማለት አይቻልም፣ ፎርሙላው የተለያዩ ሰዎችን ጎን ለጎን አነጻጸረ እንጂ አንድን ሰው ወፍሮ ሲከሳ አልተከታተለም። የዕድሜውም እንደዛው ነው። በ1991ዱ ፎርሙላ መሰረት ልደታችሁ ቀን ኬክ ሳትቀምሱ ስባችሁ በ0.23 ይጨምራል! ቢኤምአዩ እኩል ሆኖ የ50 ዓመቱ ሰው ከ30 ዓመቱ የበለጠ ስብ አለው ማለት ብቻ ነው።

የመጨረሻው ደግሞ ለኛ ሰው በቀጥታ የሚመለከት ነው። ፎርሙላው የሚያውቀው የተሰራበትን ሰው ነው። የዩታው ወንድ ብቻ ነው፣ ሴት አታስገቡበት። ዶይረንበርግ ራሱ በ1998 ከተለያዩ አገሮች የወጡ ጥናቶችን ሰብስቦ ከባልደረቦቹ ጋር ሲያነጻጽር ዕድሜ፣ ፆታና የስብ ፐርሰንት እኩል ሆኖ ሳለ ቢኤምአይ ከሕዝብ ሕዝብ እንደሚለያይ አገኙ፣ ዝርዝሩ ውስጥ ኢትዮጵያውያን አሉበት፣ ቢኤምአያቸው ከአውሮፓ ዘር ሰዎች በ4.6 ያነሰ ነው። ከተነጻጸሩት ውስጥ ትልቁ ወደ ታች ልዩነት እሱ ነበር። ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ የሰውነት ቅርጽ ነው፣ እግር ረዘም ያለ፣ ቀጠን ያለ ሰውነት በአንድ ቁመት ኪሎው ያነሰ ይሆናል፣ ስቡ ግን የግድ አያንስም። በቁጥር ስታዩት፣ 35 ዓመት የሆነው ቢኤምአዩ 21 የሆነ ወንድ በ1991ዱ ፎርሙላ 17 ፐርሰንት ይወጣለታል፣ ያቺን 4.6 ቢኤምአዩ ላይ ብትደምሩለት ግን ወደ 22 እና 23 ይጠጋል። «ቀጭን ነኝ እኮ» የሚለው ሰውዬ ሚዛኑም እየደገፈው ነው ማለት ነው፣ ሁለቱም አብረው ሊሳሳቱ ይችላሉ።

ደግነቱ እንዲህ አይነት ስህተት ሲጠገን ሁሉንም ከዜሮ መጀመር የግድ አይደለም። ስህተቱ ለሁሉም ሰው በአንድ አቅጣጫና በእኩል መጠን ከሆነ የኮፊሸንቶቹን ነገር ትታችሁ ኢንተርሴፕቱን ብቻ ማስተካከል ይበቃል፣ ለዛ ደግሞ ጥሩ መለኪያ (ዛሬ ገንዳው ቀርቶ በአብዛኛው ዴክሳ የሚባለው የኤክስሬይ ማሽን ነው) እና በአግባቡ የተመረጠ መካከለኛ ብዛት ያለው ሰው ይበቃል፣ ወንድም ሴትም፣ አርሶ አደርም ቢሮ የሚውልም። ለወፍራሙና ለቀጭኑ ስህተቱ የተለያየ ከሆነ ግን ኮፊሸንቶቹም ራሳቸው መቀየር አለባቸው፣ ያኔ ብዙ ሰው ያስፈልጋል። እስከዛው ሚዛኑን የምትጠቀሙ ከሆነ አንዱን ሚዛን ብቻ፣ ጠዋት፣ ሳትበሉና ሳትጠጡ፣ እና ቁጥሩን ራሱን ሳይሆን ከወር ወር የተንቀሳቀሰውን እዩ፣ ቋሚው ስህተት ሲቀናነስ ይጠፋልና። ከጎኑ በእምብርት ትክክል ሜትር ዙሩበት፣ ሜትሩ ቢያንስ የሚለካውን ነገር በእውነት ይለካል።